አስታና ቆረቆንዳ፤ ስለ ዕቃ ክብር

አንድ ዕቃ የሚከበረው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ዘመን ስለሚቆይ? ዋጋው ውድ ስለሆነ? ወይስ የያዘው ሰው የተከበረ ስለሆነ? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ለዕቃ ክብር በሚሰጥበት ሚዛን ሰውንም መመዘን ስለሚለምድ፣ እኛ ተራ ነው ብለን አናልፈውም። ለምርመራችን ሁለት የትምባሆ ፒፓዎችን መርጠናል፤ አንዱ ከእንጨት ሥር የተፈለፈለ፣ ሁለተኛው ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራ። ፍርዱ ያለቀለት ይመስላል፤ የእንጨቱ የጌታ፣ የቆረቆንዳው የድሃ። እንግዲህ ይግባኝ የምንለው በዚህ ፍርድ ላይ ነው።

«ፒፓ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? እኛ የራሳችን ጋያ አለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከቅል፣ ከሸክላና ከሸንበቆ የሚሠራው ጋያ የአገራችን ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ፒፓዎች ስም የባዕድ ይሁን እንጂ አካላቸውን ይፋት ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይሆንና፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ፣ በገደሉ አፋፍ፣ በወፍ ዋሻ ደን ራስጌና በመንዝ ጓሳ፣ ጉም የማይለየው አስታ ይበቅላል። ከታች፣ በቆላው፣ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱና በቆሎው ይዘራል። አስታ ማለት የዕፅዋት ሊቃውንት ኤሪካ አርቦሪያ የሚሉት ነው፤ እንግሊዞች ብራየር፣ ፈረንሳዮች ብሩዬር እያሉ በውድ ዋጋ የሚሸጡት ፒፓ የሚሠራው ከዚሁ የዛፍ ዘር ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ከራሳችን በላይ የበቀለውን ማገዶ ስንል፣ ስሙ ተለውጦ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስናየው ግን ቆመን እናደንቃለን።

አሠራራቸውን እንመልከት። የአውሮፓው ፒፓ የሚወጣው ከግንዱ አይደለም። አስታ ከግንዱና ከሥሩ መገናኛ ላይ፣ አፈር ውስጥ፣ የሚያብጥ ጉጥ አለው። ይህ ጉጥ ለፒፓ የሚሆን መጠን እስኪደርስ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ይፈጃል። በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻዎች ተቆፍሮ ይወጣል፣ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይደርቃል። ሴን ክሎድ የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ስሟ የገነነው በዚህ ሥራ ነው። ጉጡ ጠጣር ስለሆነና ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ስላለው ፍም ቢሞላበት ቶሎ አይቃጠልም። በደህና የተያዘ እንደሆነ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል።

ቆረቆንዳውስ? በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት፣ ዋሽንግተን በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ከሆላንድ የፈለሰ ሄንሪ ቲቢ የሚባል የቶርኖ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1869 ቆረቆንዳ ቀርፆ ፒፓ መሥራት ጀመረ። በ1878 ደግሞ የውጭ ገጹን በጀሶ እየሞሉ የማለስለሱን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ቆረቆንዳው እስከ ሁለት ዓመት ይደርቃል፤ ከዚያ ይቦረቦራል፣ መሳቢያ ይገባለታል፣ አለቀ። ቀላል ነው፣ እርጥበት ይመጣል፣ እንደ እንጨቱ «እስኪለምድ» አያስቸግርም። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ አንድ ቀን ሥሩ ነዶ ይበሳል፣ ይጣላል።

አሁን ወደ ክብሩ ጉዳይ እንግባ። ፒፓ የጎረሰ ሰው ዝም ቢል እንኳ እያሰበ ነው ይባላል። ራስልም ሳርትርም ከነፒፓቸው በፎቶግራፍ ስለምናያቸው፣ ጭሱና ፍልስፍናው የተዛመዱ ይመስለናል። በኢኮኖሚ ትምህርት ቋንቋ፣ የሁለቱ ፒፓዎች የጥቅም ዋጋ ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ጭስ ያሳልፋሉ። የልውውጥ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልዩነቱን የሚሞላው ምንድን ነው? በከፊል ድካሙ ነው፣ አንክድም። በከፊል ግን ወሬ ነው። ለዚህም ማስረጃ አለን፤ ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር የቆረቆንዳ ፒፓ ይዞ ሲነሣ ማንም ድሃ አላለውም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከአዛዥነቱ የተሻረው ይህ ሰው፣ ቆረቆንዳን የኩራት ምልክት አደረገው። ስለዚህ ክብር ከእጅ ወደ ዕቃ ይሄዳል እንጂ ከዕቃ ወደ እጅ አይመጣም። ይህን እየተረዳን እንኳ፣ ዕቃ ይዘን ክብር ይመጣልናል ብለን የምንጠብቅ ስንት ነን!

በዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይቀርባል። «እሺ፣ ወሬውን ተዉት፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አንድ ዕቃ፣ በየጊዜው ከሚጣሉ ኻያ ዕቃዎች አይሻልም ወይ? ቁጠባስ ምግባር አይደለም ወይ?» መልካም ጥያቄ ነው፤ ተቃዋሚያችንን እናከብረዋለን። መልሳችን ግን ያለው ከአፈር በታች ነው።

አስታ ቢቆረጥ፣ እሳትም ቢፈጀው፣ ከዚያው ከሥሩ ጉጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። የደገኛው ሴት ቅርንጫፉን ለማገዶ ስትወስድ፣ የወሰደችው ሊመለስ የሚችለውን ነው፤ እንዲመለስ ጊዜ ካገኘ። መንዞች ይህን አውቀው ኖሯል። ጓሳን ለዘመናት ያስተዳደሩበት ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ ሣሩም ቁጥቋጦውም ለዓመታት ይዘጋል፣ በጋራ ስምምነት ይከፈታል፣ ያለጊዜው የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲመጣ ቢፈርስም፣ ጓሳ ዛሬም በነዋሪው ማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው። ፒፓ ሠሪው የሚፈልገው ግን ቅርንጫፉን ሳይሆን ጉጡን ነው፤ የመመለሻውን በር ራሱን ማለት ነው። እንግዲህ «ዘላቂ» የሚባለው ዕቃ ዘላቂነቱን ያገኘው ከሌላ ነገር ዘላቂነት ቀምቶ ነው። የአንዱ ሰው ዕድሜ ልክ ፒፓ፣ የአንድ ዛፍ የትንሣኤ ተስፋ ነበር።

ለቆለኛው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሮቢ ወንዝ የሚወርደው ከደጋው ነው፤ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትም የሚጠጣው ከላይ የመጣውን ውሃ ነው። አፋፉ ሲራቆት፣ ቀድሞ ዝግ እያለ ይወርድ የነበረው ውሃ በአንድ ክረምት ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሥሩ ይቆፈር አይቆፈር የሚለው ጥያቄ የጨዋ ሰዎች የሳሎን ክርክር ሳይሆን፣ ከታች ያለው ገበሬ የሚከፍለው ሒሳብ ነው። ቆረቆንዳው በአንጻሩ ማንንም አልገደለም። ፍሬው ተፈልፍሎ ተበልቷል፤ እሱ እሳት ሊያያይዝ ምድጃ ዳር የተቀመጠ ትርፍ ነው። የሚያልቀውም በግልጽ ነው፤ ዘላለማዊ ነኝ ብሎ አያታልልም። ከዚህ ተነሥተን፣ የዕቃ ምግባር የሚለካው በቆይታው ብቻ ሳይሆን የወሰደው ነገር ሊተካ በመቻሉም ነው እንላለን።

ታዲያ ቆረቆንዳን አንግሠን እንለያይ? የለም! እስካሁን ስለ ዕቃው ስንከራከር ዕቃው ውስጥ ያለውን ረስተናል። ሁለቱም ፒፓዎች የሚሞሉት አንድ ቅጠል ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ስሟ ከዚህ ቅጠል ጋር የተያያዘ ከተማ ናት፤ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት እርሻ ካቋቋመባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረችና። የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ደግሞ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚቆመው በሚጤሰው ቅጠል ላይ ነው። እርጥብ የትምባሆ ቅጠል በባዶ እጁ የሚለቅም ሠራተኛ ኒኮቲኑ በቆዳው ገብቶ ሊያጥወለውለው፣ ሊያስመልሰው ይችላል፤ አጫሹን ደግሞ ፒፓ የከንፈር፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣበታል። ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል። መንግሥት በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን፣ እንዲሁም የትምባሆ ማስታወቂያን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳንባ ደግሞ ጭሱ በአስታ ይምጣ በቆረቆንዳ አይለይም።

ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው «መሆንና አለመሆን» በተባለው መጽሐፉ ማጨስ ለመተው የወሰነበትን ጊዜ ያነሣል። አጫሽ ሲያጨስ የሚያየውን ሁሉ የራሱ የሚያደርግ ይመስለዋል ይላል፤ ትያትሩም፣ የማለዳ ሥራውም በጭሱ በኩል ወደ እሱ ይገባሉ። ለመተው ያስቸገረው ቅጠሉ ሳይሆን ይህ የባለቤትነት ስሜት ነበር። እኛ ይህን አባባል አንድ እርምጃ እናስኬደዋለን፤ ውብ ፒፓ ይህን ስሜት ያደምቀዋል። መርዙን በጥበብ ይሸፍነዋል። የቆረቆንዳው ፒፓ ቢያንስ ይህን ሽፋን በርካሽነቱ ያሳሳዋል፤ የሚጤሰው ምን እንደሆነ ፊት ለፊት ይታያል።

ከሁለቱ ፒፓዎች የተማርነው ሦስት ጥያቄ ነው፤ ከምን ተወሰደ? የተወሰደው ይመለሳል ወይ? በውስጡስ ምን ይዟል? ጥያቄዎቹን ለፒፓ ብቻ ማቅረብ ስንፍና ይሆናል። እኛ ተማሪዎች ነገ የምንቀበለው ዲግሪም ዕቃ ነው፤ ብዙዎቻችንን ለማስተማር ቤተሰብ በሬ ሸጧል፣ እኅት ትምህርት አቋርጣለች። የተሸጠው በሬ ይተካ ይሆናል፤ የእኅታችን ዓመታት ግን የአስታው ጉጥ ናቸው። የዲግሪውን ክፈፍ ከማሳመራችን በፊት ውስጡ ምን እንደያዘ፣ ለማንስ እንደሚመለስ እንጠያየቅ። የማይስማማ ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን፤ እናነበዋለን።