ልጆችን ለጽናት ስለ ማሳደግ

በርኅሩኁና በአዛኙ በአላህ ስም።

ምስጋና ሁሉ ልጅን ለወላጆች የዓይን ማረፊያ፣ ወላጆችንም ለልጅ ጥላ አድርጎ ለሰጠ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም፣ የቲም ሆነው አድገው ለየቲሞች ሁሉ መጠጊያ በሆኑት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ እናንተ ምእመናን ሆይ! ነጋዴ ሸቀጡን ወደ ሩቅ አገር ሲልክ አስቀድሞ በሚገባ ያስረዋል፤ ዝናብ እንዳያበሰብሰውም በሸራ ይሸፍነዋል፤ ገመዱ ለመንገዱ ርዝመት የሚበቃ መሆኑን በእጁ ስቦ ይመረምራል። ከሸቀጥ ሁሉ የሚከብረውን አደራ፣ ይኸውም ልጁን ግን፣ መንገዱ ረጅም ዝናቡም ብርቱ መሆኑን እያወቀ ሳያዘጋጅ የሚልክ ስንቱ ነው?

መከራ ልጆቻችንን እንዳይነካቸው እንለምናለን፤ ይህም መልካም ልመና ነው። ዳሩ ግን ሰው በፍርሃትና በረኃብ፣ በገንዘብና በሕይወት መጉደል እንደሚፈተን ቁርአን አስተምሮናል፤ የምስራቹንም የሰጠው ለታጋሾች ነው። ሉቅማንም ልጁን ሲመክር ስለ ሰላት ከነገረው በኋላ በሚደርስበት ነገር ላይ እንዲታገሥ አዘዘው፤ መከራ አይደርስብህም ብሎ ግን ተስፋ አልሰጠውም። እንግዲህ ከልመናው ጋር ሌላ ግዴታ አለብን፤ እርሱም ልጁ በወደቀ ጊዜ መነሣት እንዲችል አድርጎ ማሳደግ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ከአንድ ቤት እንማር። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ ነበር። በንጉሡ በነጃሺ ጥበቃ ሥር ሳሉ ሚስቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ ዐብደላህን በሐበሻ ምድር ወለደችለት። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (በ628 እ.ኤ.አ.) ቤተ ሰቡ ወደ መዲና ተመለሰ። ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት ጃዕፈር በሙእታ ጦርነት ላይ ተገደለ፤ ዐብደላህና ወንድሞቹም ገና ሕፃናት ሳሉ የቲም ሆኑ።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደዚያ ቤት መጡ። ልጆቹን አስጠርተው ወደ ደረታቸው አስጠጉአቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አፈሰሱ። ለጃዕፈር ቤተ ሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ኀዘን ከምድጃቸው አስነሥቶአቸው ነበርና። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ፤ የልጆቹን ጠጉር አስላጩ፤ ዐብደላህ በመልክም በጠባይም እርሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ፤ እጁን ይዘውም አላህ ንግዱን እንዲባርክለት ለመኑለት። እናቲቱ የልጆችዋን የቲምነት ባነሣች ጊዜ፣ በዚህ ዓለምም በሚመጣውም ዓለም ጠባቂያቸው እርሳቸው ሳሉ ድህነትን ልትፈራላቸው እንደማይገባ አስረዱአት። በሌላ ቀንም ዐብደላህ ከልጆች ጋር ሆኖ ሲሸጥ አገኙትና፣ ለንግዱ በረከትን እንደ ለመኑለት ተዘግቧል። ይህ የቲም ልጅ አድጎ በለጋስነቱ በዐረቦች ዘንድ የታወቀ ሰው ሆነ።

እናንተ አባቶችና እናቶች ሆይ! በዚህ ቤት ውስጥ ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ።

አንደኛው፣ ነቢዩ ኀዘኑን ከልጆቹ አልሸሸጉም። ወንድ ልጅ አያለቅስም አላሉም፤ በፊታቸው አለቀሱ እንጂ። ልጅ ኀዘንን መሸከም የሚማረው ታላቅ ሰው አልቅሶ፣ ጌታውን አመስግኖ፣ ደግሞ ለሥራው ሲነሣ በማየት ነው። የሕፃንም ኀዘን ትንሽ ተብሎ አይናቅም። አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን ይጫወትባት የነበረች ወፍ በሞተችበት ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለዚያች ወፍ በፍቅር ጠይቀውታል። የኡማውን ሁሉ ጭነት የተሸከሙ ሰው ለአንዲት ወፍ ጊዜ ካገኙ፣ እኛ ሱቃችንን ዘግተን ስንገባ ለልጃችን ቃል ጊዜ የምናጣው በምን ምክንያት ነው?

ሁለተኛው፣ ልጆቹ የሚደገፉበት ሰው መኖሩን እንዲያውቁ አደረጉ። ጽናት ከብቸኝነት አይበቅልም። ከኋላው የሚይዘው እጅ መኖሩን ያወቀ ልጅ ወደ ፊት ለመራመድ ይደፍራል።

ሦስተኛው፣ የቲም ነው ብለው ከገበያ አላስወጡትም። ቢያዝኑለትም ችሎታውን አልነፈጉትም። ርኅራኄ ልጅን ከሥራ ሁሉ ማራቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነቢዩ ግን በሥራው ላይ በረከትን ለመኑለት።

ልጅ በተሳሳተ ጊዜስ ምን ይደረግ? አነስ ኢብን ማሊክ በልጅነቱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሥር ዓመት አገለገለ። አንድ ቀን ለጉዳይ ተልኮ ሳለ በገበያ ከሚጫወቱ ልጆች ዘንድ ቆመ። ነቢዩም ከበስተኋላው መጡና ያዙት፤ ዘወር ብሎ ቢያይ ይሥቃሉ። በቍልምጫ ስም ጠርተው፣ ወደ ታዘዘበት ሄዶ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ እርሱም አሁን እሄዳለሁ አለ። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ አልተሻረም፤ ልጁም አልተዋረደም።

በ1332 እ.ኤ.አ. በቱኒስ የተወለደው ሊቁ ኢብን ኸልዱን፣ በግፍና በኀይል ያደገ ልጅ ደስታው እንደሚጠፋ፣ ወደ ስንፍና እንደሚያዘነብል፣ የሚቀጣውን እጅ ፈርቶም ሐሰትንና ተንኰልን እንደሚማር ጽፏል። ከእርሱ በፊት በ1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኢማም አል ገዛሊም ልጅ ለስላሳ አልጋንና ምቾትን ብቻ እንዳይለምድ አስጠንቅቀዋል፤ ነገር ግን ከትምህርቱ በኋላ እንዲጫወት ይፈቀድለት፣ ያለዚያ ልቡ ይሞታል ብለው አስተምረዋል። እንግዲህ ልጅን በጅራፍ የሚሰብር አለ፤ በምቾት የሚያላሽቅም አለ። የጽናት መንገድ በሁለቱ መካከል ነው።

እናንተ ነጋዴዎች ሆይ! ምሳሌ ልንገራችሁ። የሁለት ነጋዴዎች ልጆች በየአባቶቻቸው ሱቅ ጨርቅ ሲለኩ ተሳስተው ለገዢ አንድ ክንድ አጐደሉ እንበል። የፊተኛው አባት ልጁ እንዳያፍር ብሎ በስውር ሄዶ ጉድለቱን ሞላ፤ ለልጁም ምንም አልነገረው። ሁለተኛው አባት የጐደለውን ጨርቅ ለልጁ አስያዘና ከእርሱ ጋር ወደ ገዢው ቤት ሄደ። ልጁ በገዛ አፉ ስሕተቱን ተናግሮ ይቅርታ ሲለምን፣ አባቱ አጠገቡ ቆመ፤ ሲመለሱም ስለ እውነተኛነቱ አመሰገነው። ዓመታት አለፉ፤ አባቶች ሞቱ፤ ባለ ዕዳዎች መጡ። የፊተኛው ልጅ ጉድለቱን ይዞ በሰው ፊት ቆሞ አያውቅምና በሩን ዘግቶ ተሸሸገ። ሁለተኛው ግን መንገዱን ያውቀዋል፤ መዝገቡን ይዞ ወጣ፣ ጊዜ ስጡኝ አለ፣ ቀስ በቀስም ከፈለ። ሁለቱም አባቶች ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ አባቱ በሌለበት ቀን ምን ይሆናል ብሎ ያሰበው አንደኛው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሩ። ነገሩ ብዙ ገንዘብን አይጠይቅም። ልጅ የሰበረውን ራሱ ይጠግን፤ ያልቻለውን አብራችሁት ጠግኑ። በዕድሜው ልክ የቤት ሥራ ይኑረው፤ ሴት ልጃችሁም ከሒሳቡና ከምክሩ አትለይ። የገበያው ቀን ከፍቶ ስትገቡ፣ ዛሬ ከስረናል፣ ነገ ደግሞ እንሞክራለን፣ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ብላችሁ በማዕድ ላይ ተናገሩ፤ ትርፋችሁን ብቻ ያየ ልጅ ኪሳራ የዓለም መጨረሻ ይመስለዋልና። ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ ሰላት ጥሩት፤ በየቀኑ ተነሥቶ መቆምን የለመደ በመከራም ቀን ተነሥቶ ይቆማል።

ዳሩ ግን ተጠንቀቁ! ልጅን ለማጽናት ብላችሁ ከአቅሙ በላይ አትጫኑት። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ የማያስገድድ ሲሆን፣ እኛ ከጌታችን ይልቅ የምንጨክን ማን ነን? የታመመውን አስታሙ፤ የፈራውን አቅርቡ፤ ትምህርቱንም ለሱቅ ትርፍ አትሽጡበት። ልጅ አደራ ነው፤ የአደራ ባለቤትም ይጠይቃል።

አላህ ሆይ! ልጆቻችንን ባርክልን፤ እኛ በሌለንበት ቀን አንተን የሚያውቁ፣ ወድቀው የሚነሡ፣ ያዘነውንም የሚያነሡ አድርጋቸው። ለእኛም ቍጣችንን የምንገታበትን ትዕግሥት፣ ፍቅራችንን የምንመራበትን ጥበብ ስጠን። አባት ለሌላቸውም ልጆች ሁሉ ጠባቂ ሁናቸው። አሚን።