በግንባር ላይ የጠመመ መስቀል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ በሮማ ከተማ ከሀገር ርቃችሁ የምትኖሩ የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤

ዛሬ የምንመለከተው ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ አይነሣም። ከቅዳሴ በኋላ ግን በደጀ ሰላም ዝግ ባለ ድምፅ ይጠየቃል። ይኸውም በገላችን ላይ ስላለው ንቅሳት፣ ይልቁንም ጠምሞ ወይም ተሳስቶ ስለ ተነቀሰው ነው። መስቀሉ ወደ ግራ ቅንድቧ ያዘነበለባት እናት አለች። በአንገቷ ዙሪያ የተደረደረው ጌጥ በአንድ በኩል ደምቆ በሌላው በኩል የደበዘዘባት እኅት አለች። በክንዱ ላይ የግእዝ ቃል አስጽፎ ፊደሉ ስሕተት መሆኑን ዘግይቶ የተረዳ ወጣትም አለ። የሁሉም ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ላስተካክለው፣ ላስጠፋው ወይስ ልተወው?» የብዙ እናቶች ጭንቀት ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል፤ «መስቀሉን ባስጠፋው ክርስቶስን እንደ መካድ ይቆጠርብኝ ይሆን?» ይላሉ።

አስቀድመን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በትግራይ ሴት ልጅን በግንባሯ፣ በአገጯና በአንገቷ ላይ መንቀስ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። በእሾህ ወይም በመርፌ ጫፍ ጥላሸት ወደ ቆዳው ይገባል። ድዷን የምትነቀስም አለች፤ ለውበት የሚሉ አሉ፣ ለመድኃኒት የሚሉም አሉ። ተነቃሿ ብዙ ጊዜ ልጅ ናት። ሲያማት ታለቅሳለች፤ እናቷ ራሷን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ትይዛለች። ልጅ ሲወራጭ የነቃሿ እጅ ይስታል። ከዚያም ፊት ከዕድሜ ጋር ይሰፋል፤ በትንሽ ግንባር ላይ ቀጥ ብሎ የነበረው ምልክት ከፊቱ ጋር ይለጠጣል፤ ቀለሙም በዓመታት ብዛት ይደበዝዛል። እንግዲህ አብዛኛው ጠማማ ንቅሳት የማንም ክፋት ውጤት አይደለም። የሕፃን ዕንባ፣ የነቃሿ እጅ መሳትና የዕድሜ ሥራ ነው።

ይህ ምልክት በሀገር ቤት ሳለ ማንንም አያስደንቅም ነበር፤ ጎረቤትም እንዲሁ የተነቀሰች ናትና። በባዕድ ሀገር ግን ነገሩ ይለወጣል። የሰው ቤት ሠርታ፣ አዛውንት ጦራ የምታድር እኅታችን «ይህ በግንባርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው? ማን አደረገብሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። እዚሁ የተወለዱት ልጆቿም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይህንኑ ይጠይቋታል። ጥያቄው ሲደጋገም ሻሹን ወደ ቅንድብ ማውረድ ይመጣል፤ ፎቶግራፍ ሲነሡ ፊትን ማዞር ይመጣል። ሰው ከገዛ ግንባሩ ሲሸሽ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ በሮማ ስለምንኖር ይህች ከተማ ራሷ ስለ ምልክት ምን ታሪክ እንዳላት ማወቅ ይጠቅመናል። ብዙዎቻችሁ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ከወገን ጋር ስትገናኙበት የኖራችሁት ተርሚኒ ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ካለው የዲዮቅልጥያኖስ ጥንታዊ መታጠቢያ ነው። ዲዮቅልጥያኖስም በስንክሳር ደጋግመን የምንሰማው፣ ሰማዕታትን ያሳደደው ንጉሥ ነው። በዚያ በመታጠቢያው ሕንፃ ውስጥ ባለው ቤተ መዘክር የባሪያ አንገት የታሰረበት የብረት ቀለበት ይታያል፤ ባሪያው ቢጠፋ ያገኘው ሰው ለጌታው እንዲመልስ ተጽፎበታል። ከጌታው ኮብልሎ በተያዘ ባሪያ ግንባር ላይም ምልክት ይደረግ ነበር። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ316 ባወጣው ሕግ የተፈረደባቸው ሰዎች ፊታቸው ላይ ምልክት እንዳይደረግ ከለከለ፤ ምክንያቱም ፊት በሰማያዊው ውበት አምሳል የተሠራ ነውና እንዳይበላሽ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ፊት ክቡር መሆኑን ነው፤ ስለ ፊቷ የምትጨነቅ እኅት ስለ ከንቱ ነገር ትጨነቃለች ብሎ መንቀፍ አይገባም። ሁለተኛው፣ የምልክት ትርጉም በቀለሙ ብቻ እንደማይወሰን ነው። በዚህች ከተማ ግንባር ላይ ምልክት ማኖር «ይህ ሰው የእገሌ ንብረት ነው» ማለት ነበር። መስቀልም ራሱ የባሪያና የወንበዴ መቅጫ ነበር። እናቶቻችን ግን ያንኑ የውርደት ዕንጨት በልጆቻቸው ግንባር ላይ በፍቅር ሣሉት፤ ልጄ የክርስቶስ ናት ለማለት ነው። መስመሩ ቢጠምም ሐሳቡ ቀጥ ያለ ነበር።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመለስ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ላይ እስራኤል ስለ ሞተ ሰው ሥጋቸውን እንዳይቆርጡና ገላቸውን እንዳይነቅሱ ታዘዋል። ይህን ቃል ይዘው እናቶቻችንን የሚወቅሱ አሉ። ቃሉ የተነገረው ሕዝቡ በዙሪያው ከነበሩት አሕዛብ የሐዘንና የአምልኮ ልማድ እንዲለይ ነው። ከእርሱ የምንወስደው ምክር አለ፤ ገላችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ስለሆነ ለጊዜያዊ ፋሽን ብለን መርፌ አናስነካው። ወጣቶች ሆይ፤ ገና ያልተነቀሳችሁ ይህን አስቡበት። ነገር ግን ሳትጠየቅ በሕፃንነቷ በተነቀሰች ሴት ላይ ይህን ቃል መወርወር ፍርድን ማጓደል ነው።

ደግሞም በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 9 ስለ ከተማይቱ ኃጢአት የሚያለቅሱ ሰዎች በግንባራቸው ምልክት ተደርጎላቸው ከጥፋት እንደ ዳኑ እናነባለን። ምልክቱ «ታው» የተባለው የዕብራውያን ፊደል ሲሆን በጥንቱ አጻጻፍ መስቀል ይመስል ነበር። በኢሳይያስ ምዕራፍ 49 ደግሞ እግዚአብሔር ጽዮንን በእጆቹ መዳፍ ላይ እንደ ቀረጻት ይናገራል። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ጽዮን ፈርሳ፣ ልጆቿ ተማርከው፣ የተረሳች መስሏት ነበር። እግዚአብሔር በመዳፉ የያዛት እስክትታነጽ ጠብቆ አይደለም።

እንግዲህ ወደ እናቶች ጭንቀት እንምጣ። የንቅሳቱ መስቀል ማኅተማችን ነውን? አይደለም። ማኅተማችን ጥምቀትና ሜሮን ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ 36 የሰውነት ክፍሎችን በሜሮን ያትማል። ያ ማኅተም በዓይን አይታይም፤ ውኃ አያጥበውም፤ የትኛውም የሐኪም መሣሪያ አይደርስበትም። ንቅሳቱ ግን ከምሥጢራት አንዱ አይደለም፤ የሀገር ልማድና የእናት ምርቃት ነው። በኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄዱ ክርስቲያኖች፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን፣ የመስቀል ንቅሳት ይዘው ይመለሱ እንደ ነበር እናውቃለን። ግብጻውያን ወንድሞቻችንም በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ይነቀሳሉ። ይህ ሁሉ የፍቅር ምስክር ነው እንጂ የድኅነት መስፈርት አይደለም። ስለዚህ የጠመመውን ንቅሳት በሐኪም ያስጠፋች እኅት ክርስቶስን አልካደችም፤ ሳታስጠፋው የኖረችውም በዚያ ብቻ ከእርሷ የተሻለች ክርስቲያን አትሆንም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማስተዋል ነው። ስለ ማስተዋል ደግሞ የብራና ጸሐፍት አባቶቻችን ጥሩ መምህራን ናቸው። ብራና የእንስሳ ቆዳ መሆኑን አንርሳ። ጸሐፊው ሲሳሳት የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቆ እንደገና ይጽፋል። ቃል ዘልሎ እንደ ሆነ ከመስመሩ በላይ በደቃቁ ይጨምረዋል። ቆዳው ግን ስስ ከሆነ ብዙ መፋቅ ይበሳዋል፤ ስለዚህ እጁን ይሰበስባል። ከመጀመሪያው ቀዳዳ ያለበትም ብራና አይጣልም፤ ጸሐፊው ቀዳዳውን ዘልሎ ቃሉን ይቀጥላል፤ አንባቢውም ሳይሰናከል ያነበዋል። ሁሉም ስሕተት አይፋቅም፤ ሁሉም ስሕተት አይተውም። የሚለየው ቆዳውን ማወቅ ነው።

የእኛም ቆዳ እንዲሁ ነው። በዛሬው ዘመን ሐኪሞች ንቅሳትን የሚያጠፉት ሌዘር በሚባል የብርሃን መሣሪያ ነው። ብርሃኑ ቀለሙን ያደቅቀዋል፤ ሰውነትም የደቀቀውን ቀስ በቀስ ያስወግዳል። ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም፤ በመካከሉ ሳምንታት እየተቆጠሩ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ጥቁር ቀለም ከሌሎች ቀለሞች ይልቅ በቀላሉ ይለቃል። ሆኖም እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ባለሙያው ለእንዲህ ዓይነቱ ቆዳ የሚስማማውን መሣሪያ ካልመረጠ የቆዳው የተፈጥሮ መልክ ይለቅና በጥቁሩ መስቀል ፋንታ ነጭ መስቀል ይቀራል፤ ጠባሳውም ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ የምታስጠፉ ብትኖሩ ፈቃድ ወዳለው የቆዳ ሐኪም ሂዱ። በቤት ውስጥ በአሲድ ማቃጠል፣ ወይም «ላስተካክልልሽ» በሚል ሰው መርፌ እንደገና መወጋት አይገባም፤ ብዙ ሰው የተወጋበት መርፌ ደም ወለድ በሽታ ያስተላልፋልና።

ስለ ፊደሉም አንድ ነገር እንበል። አንድ ወጣት በክንዱ ላይ እመቤታችንን «ሰአሊ ለነ» ብሎ ለመማጸን አስቦ፣ ነቃሹ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ቢጽፍበት፣ ቃሉ «ለምኝልን» መሆኑ ቀርቶ «ሣዪልን» ይሆናል። በቀለም ላይ ቀለም መጨመር ይቻላል፤ በመርፌ መቀነስ ግን አይቻልምና እርማቱ ቀላል አይደለም። ይህ ወጣት ምን ያድርግ? እመቤታችን የልቡን ልመና በፊደል ስሕተት ምክንያት አትስተውም። ነገር ግን ፊደልም የአባቶች አደራ ነው። ስለዚህ ክንዱን ለማሳረም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ፊደሉን በልቡናው ይማር፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር ቢቀመጥም አይፈር። ከተማረ በኋላ ያስጠፋው እንደ ሆነ መልካም፤ ቢተወውም ስሕተቱን ለታናናሾቹ እያሳየ የሁለቱን ሠ ልዩነት የሚያስተምርበት ሰሌዳ ይሆንለታል።

እንግዲህ እያንዳንዳችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ራሳችሁን መርምሩ። የማስጠፋው ለማን ብዬ ነው? ቁስሉ የሚያሳክከኝ፣ ስሕተቱን ባየሁ ቁጥር ልቤ የሚጨነቅ፣ ከባድ ትዝታ የሚቀሰቅስብኝ ከሆነ መዳንን መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የማስጠፋው ሰው ስለ ሳቀብኝ ብቻ ከሆነ፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ያ ሰው በአነጋገሬ፣ በጠጉሬና በስሜ ይስቃል፤ ያን ሁሉ ሳስጠፋ ልኖር ነውን? ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ለዚህ ብላችሁ ብድር አትግቡ፤ በሀገር ቤት እጃችሁን የሚጠብቁትንም አትርሱ።

ባሎችና ልጆችም ስሙ። «ይህን ነገር አስጠፊው፣ ያሳፍረናል» የሚል ቃል ከመርፌው ይልቅ ይወጋል። ሽማግሎችም «ማተብሽን በጠስሽ» እያላችሁ ያስጠፋችውን አታሳዝኑ። በሰው ገላ ላይ የሚወስነው ባለ ገላው ነው፤ የእኛ ድርሻ ምክርና ጸሎት ነው።

በፖርታ ካፔና አደባባይ ከ1937 ጀምሮ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ በአጠገቡም አልቅሳችኋል። ያ ሐውልት ተሰባብሮ ተገኝቶ፣ ተገጣጥሞ የቆመ ነበር። በ2005 ወደ አክሱም የተመለሰውም በሦስት ተከፍሎ ነው፤ በ2008 ተጋጥሞ በቦታው ቆመ። የተሰበረ ድንጋይ ነውና አዲስ እንጥረብለት ያለ አልነበረም። የፈለግነው ያንኑ፣ ከነስብራቱ ነበር።

ጌታችንም ከሙታን ተለይቶ በተነሣ ጊዜ ሞትን ድል የነሣ ሥጋው የችንካሩን ምልክት ይዞ ነበር። ሊያጠፋው ይችል ነበር። ቶማስ ያወቀው ግን በዚያ ነው። እዚሁ ሮማ በሰማዕትነት ያረፈው ቅዱስ ጳውሎስም የኢየሱስን ምልክት በሥጋው እንደ ተሸከመ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ የዱላውንና የድንጋዩን ጠባሳ ማለቱ ነበር፤ ያም ጠባሳ በልክ የተሠራ አልነበረም።

ስለዚህ እናቴ ሆይ፤ መስቀልሽ ቢዘነብልም ሻሽሽን ከቅንድብሽ ላይ አንሺ። እኅቴ ሆይ፤ አስጠፍተሽው እንደ ሆነም ግንባርሽን በእጅሽ አማትቢ፤ በጥምቀት የተሰጠሽ መስቀል ከዚያ አልተነሣም። ቸሩ አምላካችን የጎደለውን ሞልቶ፣ የጠመመውን አቅንቶ፣ በስደት ያለነውን በአንድነት ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።