ሞተሩ አልነሳ ሲል፦ ሰበብ ማድረስና ተወኩል



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ አንድ አሮጌ የቤንዚን ሞተር ነው። አትገረሙ፤ ብዙዎቻችሁ የገበሬ ልጆች ናችሁ። ለሴሚስተር እረፍት አገር ቤት ስትገቡ፣ ወንዝ ዳር ያለው የውሃ ፓምፕ አልነሳ ብሎ፣ ሽንኩርቱ ጠውልጎ፣ አባት ከጠዋት ጀምሮ ገመድ ሲስቡ ታገኙ ይሆናል። «አንተ ተምረሃል፣ እስቲ እየው» መባል ይመጣል።

በዚያ ሰዓት ሦስት ዓይነት ሰው ይታያል። አንዱ ገመዱ እስኪበጠስ ይጎትታል። ሌላው እጁን አጣጥፎ «ለአላህ ትቼዋለሁ» ይላል። ሦስተኛው ጥፋተኛ ይፈልጋል፦ «ትናንት ጎረቤት አይቶት ነበር፣ ዓይን ነው»፤ «ቤንዚን የሸጠልን ልጅ ውሃ ቀላቅሎበታል»። ሦስቱም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሞተሩን ከፍቶ ያየ የለም።

ተወኩል ግመሏን ሳያስሩ መሄድ አይደለም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ግመሉን ፈትቶ ይመካ ወይስ አስሮ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት ምላሽ መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ ነበር። በየጁሙዓው በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥም አላህ ለዙልቀርነይን ለሁሉም ነገር ሰበብን እንደሰጠው፣ እርሱም ሰበቡን እንደተከተለ ይነግረናል። ግድቡን ሲሠራ ሥራውን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ የብረት ቁርጥራጭ አስመጣ፤ በሁለቱ ተራሮች መካከል ሞላው፤ በወናፍ እስኪግል አስነፋው፤ በመጨረሻ የቀለጠ መዳብ አፈሰሰበት። አንዱን ከሌላው አላቀደመም። ሲጨርስ ደግሞ ይህ የጌታዬ እዝነት ነው አለ እንጂ በእጁ ሥራ አልኮራም። ሰበብ ማድረስ ማለት ይህ ነው፤ ሥርዓት ያለው ሥራ፣ ከዚያም ውጤቱን ለባለቤቱ መስጠት።

እንግዲህ ወደ ሞተሩ። የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ አራት ነገር ይፈልጋል፦ ቤንዚን፣ አየር፣ የካንዴላ ብልጭታ፣ ፒስተኑ ድብልቁን አምቆ የሚፈጥረው ግፊት። አልነሳ ካለ ከአራቱ አንዱ ጎድሏል፣ ወይም ብልጭታው ጊዜውን ስቷል። ሥራችሁ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ማግኘት ነው።

ከሁሉ በፊት አባትን ጠይቁ። «ከርሞ ነው ወይስ እየሠራ ቀጥ ያለው? ድምፅ ነበረው?» ሞተሩን አሥር ዓመት ያወቁት እርሳቸው ናቸው። ይህ አደብ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

ቀጥሎ ቀላሉን እዩ። ማብሪያው ተከፍቷል? የቤንዚኑ መዝጊያስ? ዘይቱ ስንት ነው? እንደ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ባሉ ሞተሮች ላይ ዘይት ሲጎድል ብልጭታውን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ይገኛል። ሞተሩ ወንዝ ዳር አዘንብሎ ከቆመም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙትና ዘይቱን ለኩ።

ከዚያ ቤንዚኑን ፈትሹ። ትንሽ በንጹህ ብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል። አሽትቱት፤ የቀለም ዓይነት ሽታ ካመጣ ከርሟል። ወራት የቆየ ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተናል፤ የሚቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩ ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የታንኩን ክዳን እዩ፤ አየር የምታስገባው ቀዳዳ ተደፍና ይሆናል። የአየር ማጣሪያውም በአቧራ ታፍኖ እንደሆነ ተመልከቱ።

አሁን ካንዴላውን ፍቱ። ካንዴላ አይዋሽም። ብዙ ከሳባችሁ በኋላም ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ከረጠበ ቤንዚኑ ደርሷል፤ ወይ ብልጭታ የለም፣ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል። ከበዛበት አድርቁት፣ ቾኩን መልሱ፣ ትንሽ ታግሳችሁ ሞክሩ። ጥላሸት ከያዘ አጽዱት፤ በጫፉ ያለው ክፍተት ለጂኤክስ 160 ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ብልጭታውን ለማየት የፈሰሰ ቤንዚን ጥረጉ፣ ታንኩን ክደኑ፣ ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቃችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩ፤ ጎማውን ይዛችሁ ገመዱን ሳቡ። በአካባቢው ሲጋራም ሆነ እሳት አይኑር። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው፤ ከሽንኩርቱም ከፓምፑም ይቀድማል።

ብልጭታ ካለና አሁንም ካልተነሳ፣ ከሻይ ማንኪያ ያነሰ ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ካንዴላውን መልሳችሁ አጥብቃችሁ ሳቡ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ከጠፋ ብልጭታውም ግፊቱም ደህና ነው፤ ችግሩ ከታንኩ እስከ ካርቡራተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ገመዱ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሳብ ከሆነ ግን ግፊት የለም። በዚያው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ገመዱ ከበደ ማለት የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል፤ ካልተለወጠ ቫልቩን ወይም የራሱን ጋስኬት ጠርጥሩ። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። አዋቂን መጠየቅም ሰበብ ማድረስ ነው፤ አያሳፍርም።

አንድ ሕግ አትርሱ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁሉንም ባንዴ ከነካካችሁ፣ ቢነሳም ምን እንዳስነሳው አታውቁም።

ወንድሞቼና እህቶቼ! አሁን ወደዚያ ስለ ጎረቤቱና ስለ ቤንዚን ሻጩ ወደተባለው ቃል እንመለስ። ዓይን እውነት መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ የተረጋገጠ ነው፤ ዱዓና ሩቃም አለን። ነገር ግን ካንዴላ ያልፈታ ሰው በጎረቤቱ ላይ ጣቱን የሚቀስርበት ማስረጃ ከየት አገኘ? በብርጭቆው ሥር ውሃ ብታገኙ እንኳ፣ ያገኛችሁት ውሃውን ነው፤ ያስገባውን ሰው አይደለም። ክዳኑ ሳይገጠም ዝናብ ገብቶበት፣ ወይም ጀሪካኑ ራሱ ውሃ የተቀዳበት ሊሆን ይችላል። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ከብዙ ጥርጣሬም እንድንርቅ ያዘናል። ሞተር በአንድ ቀን ይጠገናል። በጥርጣሬ የተቆረጠ ጉርብትና ግን ዓመታት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ሳይጠገን ባለቤቶቹ አኺራ ይሄዳሉ።

ይህ ሥርዓት ለራሳችንም ይሠራል። ለፈጅር አልነሳ ሲለን ወዲያው «ልቤ ደርቋል፣ እኔ አልሆንም» እንላለን። ይህም ገመድ መጎተት ነው። ከቀላሉ ጀምሩ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ? ስልኩ ከእጄ መቼ ወጣ? ማንቂያው የት ነው ያለው? የሚቀሰቅሰኝ ጓደኛ አለኝ? ስተኛ ኒያ ነበረኝ? አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ለውጡ። ከዚያ እጃችሁን ወደ አላህ አንሱ። ራሱን ያልመረመረ ሰው በራሱ ላይ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም።

ሁሉንም አድርሳችሁ ሞተሩ እምቢ ካለ፣ ያኔ «ቀደረላህ» ማለት ያምራል። ከተነሳም «አልሐምዱሊላህ» በሉ፣ የጎረቤትንም ማሳ አብራችሁ አጠጡ።

አላህ ሆይ! ሰበብን የምናደርስ፣ ባንተ ላይ የምንመካ፣ ሳናጣራ በሰው ላይ የማንፈርድ አድርገን። የወላጆቻችንን ልፋት ባርክ፣ ማሳቸውን አርጥብ። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!