በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪናን ዝቅ ማድረግ

መኪና ዝቅ የሚለው የፋብሪካው ሞላ ወጥቶ አጠር፣ ጠንከር ያለ ሞላ ሲገባለት ነው። ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ለመልኩ ሲሉ ይጀምሩታል። እንደ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ባለ መኪና ግን ሞተሩ አራቱንም ጎማዎች ስለሚያዞር፣ ከላይ የተነካው ነገር መዘዙ እስከ ካምቢዮ ድረስ ይወርዳል።

አካሉ ወደ መሬት ሲቀርብ የአራቱም ሴሚያሶች ማዕዘን ይለወጣል። 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ቢቀነስ እምብዛም አይጎዳም፤ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ግን ሲቪ ጆይንቱ ዘወትር ተጣሞ ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል። የፊቱ ታችኛው ክንድም ወደ ጎማው በኩል ያዘነብል የነበረው ቀና ይላል፤ ዝቅታው ከበዛ ጭራሽ ወደ ላይ ይዞራል። ያኔ መኪናው የሚጋደልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ይወርዳል። ዝቅ ያለ መኪና ኩርባ ላይ እንዲያውም ይበልጥ ሊጋደል የሚችለው፣ ጉድጓድ ሲመታም መሪው በራሱ ሊስብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልከኛ ዝቅታ መምረጥ ያዋጣል።

ሞላ በግራይንደር ቆርጦ ማሳጠር ፈጽሞ መሞከር የለበትም። የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ መኪናው በክሪክ ሲነሳም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የፋብሪካው አሞርዛተር ከአጭር ሞላ ጋር ሲሠራ ደግሞ የሚወርድበት ቦታ ስለሚያጥረው ከማቆሚያው ላስቲክ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ሞላውና አሞርዛተሩ አብረው ይቀየራሉ፤ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ ሥራውን ማቆየት ይሻላል።

በመግጠም ጊዜ ብዙ ጋራዦች የሚዘነጉት የክንዱን ላስቲክ (ጎሚኒ) ብሎን ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከተጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ በጥቂት ጊዜም ይሰነጠቃል። ብሎኖቹ መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይያዙ፤ መኪናው በራሱ ክብደት በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ በተወሰነላቸው ኃይል ይጠበቁ።

መኪናው ጥቂት ተነድቶ አዲሱ ሞላ ቦታውን ሲይዝ አላይመንት ይሠራል፤ የፊት መብራቱም አብሮ ይስተካከላል። አላይመንትን መዝለል የማንኛውንም መኪና ጎማ ያስበላል፤ እዚህ ግን ኪሳራው ጎማ ብቻ አይደለም። ማርሽ በእጅ በሚቀየርበት ደብልዩ አር ኤክስ ውስጥ የፊትና የኋላ ፍጥነት የሚቻቻለው በመሃለኛው ዲፈረንሻል ነው። አንድ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ካለቀ ዙሪያው ያጥራል፤ ስለዚህ በቀጥታ መንገድም ቢሆን በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ዲፈረንሻሉም ያለ እረፍት እየሠራ ይሞቃል። ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በጎማው ጥርስ ጥልቀት ሲታይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ስለሆነም የአራቱም ጎማ ጥርስ ከውስጥም ከውጭም ጠርዝ በየጊዜው ይለካል። ልዩነቱ ከዚህ ካለፈ አራቱም ጎማዎች አንድ ላይ ይቀየራሉ።