የጓሮ ዶሮና የጎረቤት ሐቅ

«የሌማት ትሩፋት» የተሰኘው አገር አቀፍ መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው በአርባ ምንጭ ነበር። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ማር ከየቤተሰቡ ማዕድ እንዳይጠፋ ታስቦ የተጀመረ ነው። የሲቀላ ሰው ግን ዶሮ ለማርባት መርሐ ግብር አልጠበቀም፤ በአጥር ጥግ ሦስት አራት ዶሮ ማኖር የቆየ ልማድ ነውና። ስለዚህ ክርክሩ ይረባ አይረባ በሚለው ላይ አይመስለኝም። የአንዱ ጓሮ ከሌላው መኝታ ቤት በአንድ ግድግዳ በሚለይበት ከተማ፣ የአንዱ ሲሳይ የሌላውን ዕረፍት እስከ ምን ድረስ ሊነካ ይገባል?

አንዳንድ ወንድሞች «ዶሮ የገጠር ነው፤ ከተማ ንጽሕና ይፈልጋል» ይላሉ። ይህን ስሰማ በቡኻሪ የተዘገበው የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ ይለኛል። የዶሮ ሥጋ ቀርቦ ሳለ አንድ ሰው ከማዕዱ ገለል አለ፤ ዶሮ ቆሻሻ ስትበላ አይቶ ተጸይፎ፣ ዳግመኛ ላይበላ ምሎ ኖሯል። አቡ ሙሳ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዶሮ ሲበሉ ማየታቸውን ነግረው ወደ ማዕዱ ጠሩት። የሰውየው መጸየፍም ቢሆን ከባዶ የመጣ አልነበረም። የፊቅህ ሊቃውንት ቆሻሻ መብላት የምታዘወትርን እንስሳ «ጀላላ» ብለው ለይተዋታል፤ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንዲህ ያለችውን ዶሮ ከመብላታቸው በፊት ሦስት ቀን ያግቷት እንደነበር ተዘግቧል። እንግዲህ ዶሮዋ በየቦዩ እንዳትዞር መያዝ እንጂ ከከተማ መባረር የለባትም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ ወይም በድምፅ ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያውክ ያግዳል። ልብ እንበል፤ ሽታና ድምፅ ፈጽሞ አይኑር አላለም፤ ከልክ አይለፍ ነው ያለው። ልኩን ደግሞ ከየትኛውም ጽሕፈት ቤት ይልቅ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው ያውቀዋል።

እኔን የሚያስቸግረኝ የአውራ ዶሮው ነገር ነው። ለፈጅር የሚነሣ ሰው በጩኸቱ አይከፋም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለሶላት የሚቀሰቅስ ነውና እንዳይሰደብ መከልከላቸው ተዘግቧል። ነገር ግን ሌሊቱን በሥራ አድራ ንጋት ላይ ጋደም ያለች ጎረቤት ብትኖረኝ፣ የእኔ ዒባዳ ለእርሷ እንቅልፍ ማካካሻ አይሆናትም። ደግሞም ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚያስፈለፍል ብቻ ነው።

ሰው በጩኸት ይጣላል፤ የባሰውን ጉዳት ግን ዝም ይለዋል። ፈንግል አጥር አያግደውም። ዶሮውን ያላስከተበ ሰው የራሱን ብቻ አይደለም የሚጨርሰው፤ ሀብቷ አምስት ዶሮ የሆነችውን መበለትም ባዶ እጇን ያስቀራታል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። በዓይን የሚጠባን ጠብታ ቸል ብሎ የጎረቤትን ጉሮሮ የዘጋ ሰው፣ «በጓሮዬ ማን አገባው?» ሊል እንዴት ይችላል?

የዶሮዋም ሐቅ አለ። ድመት ዘግታ በረሃብ ስለገደለችው ሴት ያልሰማ ሙስሊም የለም። ሲቀላ ከሼቻ ይልቅ ቆላ ናት፤ በቆርቆሮ ሥር ታጉራ ውኃ የማታገኝ ዶሮ የእኩለ ቀኑን ሙቀት እንዴት እንደምታሳልፈው ባለቤቷ ቆሞ ይየው።

የከተማ አስተዳደሮች «ዶሮ ክልክል ነው» ከማለታቸው በፊት የዶሮውን ቁጥር፣ የቤቱን ርቀትና የክትባቱን ነገር ከነዋሪው ጋር ተቀምጠው ቢወስኑ እመርጣለሁ። በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ሆነው የሚኖሩት ተከራዮች ግን አሁንም አሳሳቢ ናቸው፤ የጋራ ግቢ ላይ ማን ለማን ይፈቅዳል?