በሰው ራም

እኛ ፕሮግራመሮች የምንወዳት አንዲት መልስ አለች፦ «ራም እኮ ርካሽ ነው!» አፑ ከበደ፣ ላፕቶፑ ተንቀራፈፈ የሚል ሰው ሲመጣ እሷን እንመዛለን። ለረጅም ጊዜ ውሸት አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ሆኖ ሜሞሪው 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ እዚያ ውስጥ አይገባም።

አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል። አብዛኛውን የዓለም ራም የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን ናቸው። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋሉ፤ የተጠየቁትንም ይከፍላሉ። አዲስ ፋብሪካ ለመገንባት ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ለእነሱ የዋለው የማምረት አቅም ከእኛ ላፕቶፕ ላይ ይቀነሳል። በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ አሻቀበ፤ ማይክሮንም ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች የሚሸጥበትን ሥራ እንደሚያቆም በዲሴምበር አስታወቀ።

ይሄ ጭማሪ እኛ ጋ ሲደርስ ሌላ ሸክም ላይ ነው የሚደረበው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ የሚገባው በዶላር ነው። ባለ 4 ጂቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ የሚማር ተማሪ «ራም ጨምርበት» ሲባል ምን ብሎ ይመልስ?

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው፦ የራሴን የሥራ ቀን ለመቆጠብ የሌላውን ሰው ራም ማባከን ተገቢ ነው?

ኤሌክትሮንን እንውሰድ። በእሱ የተሠራ እያንዳንዱ አፕ ሙሉ ብራውዘር ተሸክሞ ይመጣል፤ ለቻት አንድ ብራውዘር፣ ለማስታወሻ ሌላ። ተከላካዮቹ እውነት አላቸው። ትንሽ ቡድን ለዊንዶውስ፣ ለማክ እና ለሊኑክስ ሦስቴ ይጻፍ ማለት ጭራሽ አይጻፍ ማለት ሊሆን ይችላል። የሠራተኛ ጊዜም ገንዘብ ነው።

ግን ወጪው ተቀነሰ እንጂ ጠፋ እንዴ? ቦታ ነው የቀየረው። ሰርቨር ላይ ኮዳችን ሜሞሪ ሲበላ ሂሳቡ በወሩ መጨረሻ ለድርጅቱ ይመጣል፤ ወዲያው ስብሰባ ይጠራል፣ ኮዱም ይስተካከላል። ተጠቃሚው ላፕቶፕ ላይ ሲበላ ግን ደረሰኝ የለም። ሰውየው ማሽኑ ያረጀ ይመስለዋል፤ ሌላ ለመግዛት ያጠራቅማል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እኛ ባለቤቱን አንንቅም፤ ችግሩ ጨርሶ አናየውም፤ አጥሩ ግን ይነቀነቃል።

ሁሉም በሲ ይጻፍ እያልኩ አይደለም። ወጪን ወደ ሌላ ማስተላለፍ አንዳንዴ ግድ ነው፤ ሳይነግሩትና ሳይለኩለት ማስተላለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አፑ ከመውጣቱ በፊት ባለ 4 ጂቢ ማሽን ላይ ይሞከር፤ የሚበላው ሜሞሪም እንደ ሰርቨር ሂሳብ ስብሰባ ላይ ይቅረብ። አዲስ ፊቸር ሲታሰብ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብለን እንጠይቃለን። «በማን ሂሳብ?» የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።