ግብር የሚያበላ፣ ግብር የሚከፍል

«አንተ ገበሬ!» ከተማ ውስጥ ስድብ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ማቻከል ላይ ግን «ጎበዝ ገበሬ ነው» የተባለ ሰው ልጅ የሚዳርለት ሰው ነው። ቃሉ ያው አንድ ነው። እስቲ ትንሽ ወደኋላ እንከተለው።

በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ነው። «ገብር» ደግሞ አገልጋይ፣ ባሪያ። ገብረ ማርያም የማርያም አገልጋይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ገበሬ፣ ተግባር፣ ምግባር፣ ግብረ ገብ፣ ገባር፣ አስገበረ ሁሉም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ሥራም፣ ባርነትም፣ መልካም ጠባይም ከአንድ ሥር! ዘመዶቹ ደግሞ ይብሳሉ። በዕብራይስጥ «ጌቤር» ወንድ፣ ጉልበተኛ ሰው ነው፤ የመልአኩ የገብርኤል ስምም ከዚያ ይመዘዛል። እዚያ ጉልበት ያለው፣ እዚህ ጉልበቱን ለሌላ የሚሰጠው።

የኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምሁራን ከሩሲያኛ፣ ከቼክኛና ከመሰሎቻቸው ተነስተው መልሰው በገነቡት ጥንታዊ የስላቭ ቋንቋ «ኦርቡ» ባሪያ ማለት ነበር። ከእሱ የሩሲያኛው «ራብ» (ባሪያ) እና «ራቦታ» (ሥራ) መጡ፤ የቼክኛው «ሮቦታ»ም መጣ፣ ገበሬው ለጌታው በነፃ የሚሠራው የግዴታ ሥራ። ካሬል ቻፔክ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ተውኔት «ሮቦት»ን ለዓለም ያስተዋወቀው ከዚህ ነው (ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነው)። የጀርመንኛው «ኤርበ»፣ ማለትም ውርስ፣ የሩቅ ዘመዱ ነው። አንዱ ልጅ ባሪያ ሆነ፣ ሌላው ወራሽ።

ታዲያ ቃሉ «በመሠረቱ» ምን ማለት ነው? ጥያቄው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ገበሬ አያቱ ባሪያ ስለነበር ባሪያ አይሆንም፤ ገብርኤል ዘመዱ ስለሆነም አይከብርም። የዘር ሐረጉ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፦ ሥራውን ማን ይሠራ እንደነበርና ለሥራው ስም ያወጣለት ማን እንደነበር።

«ግብር»ን ውሰዱ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ መቀመጫቸው ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ነበረች። በዚያ ዘመን ጌታው «ግብር ያበላል»፣ ገበሬው «ግብር ይከፍላል»። ግብዣውም ቀረጡም አንድ ስም ነበራቸው። እህሉም ያው አንድ እህል ነበር። ምስጋናው ግን ላበላው።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ፤ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች አመፁ። ጦር ተላከባቸው፣ አውሮፕላን ሳይቀር። ነገሩ የብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ግብር መክፈልማ ለባለርስት የመብቱ ማስረጃ ነበር፤ «ይሄ መሬት የአባቴ ነው» ማለት ነበር። የፈሩት ቆጠራውንና ልኬቱን ነው፤ መሬቱ ከተለካ ርስታችን ይሄዳል፣ ጭሰኛ እንሆናለን ብለው። የድሮው ግብር ባለርስት ያደርጋቸው ነበር፣ አዲሱ ግብር ርስቱን የሚነጥቃቸው መሰላቸው። ፊደሉ ያው ሦስት ፊደል ነው፤ ሰው የሞተው በሁለቱ ትርጉም መካከል ነው።

በመጨረሻ መንግሥት ለዘበ። ጠቅላይ ገዢው ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉም ተሰረዘ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጭሰኝነት በሕግ ቀረ። የሞጣ ሰው የሞተለት ርስትም በዚያው አዋጅ አብሮ ሄደ።